ቆጣሪው ሲሮጥ

በራፉ ሲንኳኳ ሳሎን ቁጭ ብዬ ምስር እለቅም ነበር። ስከፍት ቢጫ ሰደርያ የለበሰ፣ ወረቀት የያዘ ወጣት ቆሟል። ከመብራት ነው የመጣሁት አለኝ። ጨዋ ልጅ ነው፤ ጎንበስ ብሎ ነው ሰላም ያለኝ። ከዚያ ግን ግድግዳው ላይ ያለውን ቆጣሪ ቀና ብሎ አየ፣ ወረቀቱን አየ፣ እንደገና ቆጣሪውን አየና፣ "እናቴ፣ ቤት ውስጥ የሚሠራ ማሽን አለ እንዴ? ፍጆታችሁ ከአምናው በጣም ጨምሯል" አለኝ።

"የለም" አልኩት።

አስቤ አይደለም ያልኩት፤ አፌ ነው የቀደመኝ። ልጁን በራፍ ላይ እንዳቆምኩት ወደ ልጄ ወደ ናትናኤል ክፍል ገባሁና ከአልጋው ላይ ጋቢ አንስቼ ኮምፒውተሩ ላይ ጣልኩበት። ማሽኑ እየሠራ ነበር። ከጋቢው ሥር አፉን እንደታፈነ ሰው ይተነፍሳል። እኔ ደግሞ ጋቢውን በሁለት እጄ ይዤ ጫንኩት። ይኼን ሁሉ ዓመት ከኖርኩ በኋላ፣ ያ የድሮ ፍርሃት ቤቴ አልጠፋውም።

ነገሩ የመጣው ከካርዱ ነው። ናትናኤል የመጨረሻ ልጄ ነው። ገና ያልተሠሩ ቤቶችን በኮምፒውተር ይሥላል፤ መስኮታቸውን፣ ጥላቸውን፣ ጓሯቸው የበቀለውን ዛፍ ሳይቀር እንደተሠሩ አስመስሎ ለኮንትራክተሮች ያሳያል። ኮምፒውተሩ ውስጥ ሆና ሥዕሉን የምታወጣለት የድሮዋ ካርድ አላደርስ አለችው። አንዱን ሥዕል ለማውጣት ከጠዋት እስከ ማታ ትፈጅበታለች። "እማዬ፣ አዲስ ካርድ ልገዛ ነው" ሲለኝ የስልክ ካርድ መስሎኝ፣ ሂድ ግዛ፣ ለዚህም ታስፈቅደኛለህ እንዴ አልኩት። ሲያመጣው ካርድ አይደለም፣ ጡብ ነው። ሦስት ማራገቢያ ያለው፣ ክብደቱ የልጅ ያህል የሆነ ጥቁር ጡብ። ዋጋውን ሲነግረኝ ተቀመጥኩ። ሁለት የደለቡ በሬዎች ይገዛል። የሁለት ዓመት ጥሪቱን ነው ያፈሰሰበት።

ዋጋው ብቻ ቢሆን መልካም ነበር። ጡቡ እንደ ጋሪ ፈረስ ይበላል። ለእሱ ሲባል መብራት የሚያቀብለው ሣጥንም በትልቅ ተቀየረ። ክፍሉ ይግላል፣ እሱም የአዳማ ሙቀት አልበቃ ብሎት እንደገና ማራገቢያ ይከፍታል። ቆጣሪው ላይ በወር አንዴ እንሞላ የነበረው አሁን ሁለት ሳምንት አይዘልቅም። ለምንድን ነው ብዬ ብጠይቀው፣ አዲስ በወጣ ቁጥር ሥራው ይፈጥናል፣ የሚበላውም ይጨምራል፣ ዋጋውም ይጨምራል አለኝ። "ስንት ይበላል?" አልኩት። ልጄ እንዲገባኝ ብሎ በማውቀው ነገር መሰለልኝ። "የአንዲት ትንሽ ምድጃ ግማሽ" አለኝ።

ምድጃ ባይለኝ ይሻል ነበር።

ናትናኤል ከመታጠቢያ ቤት ሲመጣ ጋቢውን ይዤ ነው ያገኘኝ። "እማዬ፣ ልታቃጥዪው ነው እንዴ?" ብሎ ገፈፈው። ከዚያ ወጥቶ ከመብራቱ ልጅ ጋር ተጨባበጠ፤ አስገብቶ ማሽኑን አሳየው፤ ልጁ ተደነቀ፣ ዋጋውን ጠየቀ፣ ሁለቱም ሳቁ። ወደ ቤት የሚገባውን ገመድ በወፍራም ቀይሩት ብሎ መክሮን ሄደ። ይኸው ነው። እኔ ግን ሄጄ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ።

ናትናኤል ውኃ ሰጠኝና አጠገቤ ተቀመጠ። "እማዬ፣ ሌባ አይደለንም እኮ" አለኝ።

ሌባማ ያኔም አልነበርንም።

ያኔ ሃያ ዓመት አልሞላኝም። ደርግ ሊወድቅ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩት ነው። የተወለድኩት ዓለም ጤና የምትባል ትንሽ ከተማ ነው፤ አባቴ ሽንኩርት ያለማ ነበር። አራተኛ ክፍል ላይ ትምህርቴን አቋርጬ ሽንኩርት ስነቅል፣ ስቆርጥ፣ በጆንያ ስሰፋ አደግኩ። መኮንን አግብቶ ናዝሬት አመጣኝ። አዳማን ያኔ ናዝሬት ነበር የምንላት። መኮንን ኩየራ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ተምሮ ያደገ ረጋ ያለ ሰው ነው፤ አንድ ማተሚያ ቤት ፊደል ለቃሚ ሆኖ ይሠራል። የእርሳስ ፊደላትን አንድ በአንድ እየለቀመ ቃል ይሠራል፣ መሥመር ይሠራል። ቀለሙ ከጥፍሩ ሥር አይወጣም። በሎሚም በአሸዋም ሞክሬው ነበር፤ እንቢ አለኝ።

የምንኖረው ከባቡር ጣቢያው ጀርባ በደባልነት ነው። የዛሬ ልጆች ደባል ምን እንደሆነ አያውቁም። ያኔ ሰው ቤቱን ማከራየት ክልክል ነው፤ ትርፍ የተባለ ቤት ሁሉ ተወርሷል። ግን ሰው ራሱን የት ይጣል? ስለዚህ የቀበሌ ቤት የደረሰው ሰው ዘመዴ ነው እያለ ሌላውን ያስጠጋል። እኛን ያስጠጉን አዴ ጫልቱ ነበሩ። የባቡር ሠራተኛ ሚስት የነበሩ ባልቴት ናቸው፤ ገበያ ውስጥ ጨውና በርበሬ ይሸጣሉ። ቀበሌው የሚያውቀኝ የእህታቸው ልጅ መሆኔን ነው። እህት እንኳ የላቸውም።

የአዴ ሕግ አንድ ነበር። አንድ አምፖል፤ ሌላ የለም። ካውያ የለም፣ ምድጃ የለም። "ቆጣሪው የኔ ነው፤ እኔ ነኝ የምጠየቀው" ይላሉ። ስንገባ መኮንን እሺ ብሎ ቃል ገባ። እኔም እሺ አልኩ። እውነታችንን ነበር።

በኅዳር መጀመሪያ ልጄ ማርታ በሰባት ወሯ ተወለደች።

ናዝሬት ሞቃት ናት ይላል ሰው። የኅዳርን ንፋስ ያላየ ነው እንዲህ የሚለው። ቀን አቧራውን አንስቶ ፊት ላይ ይረጫል፤ ፀሐይ ሲያዘነብል ደግሞ ቆርቆሮውን እያንኳኳ ብርዱን ያስገባል። ልጄ በሁለት መዳፌ ትያዝ ነበር። ጣቶቿ የክብሪት እንጨት ናቸው። ሆስፒታል አልጋ ስለሌለ ቶሎ አስወጡኝ፤ አንዲት ነርስ በር ድረስ ተከትላኝ፣ ሙቀት እንዳይለያት፣ ከቀዘቀዘች ታመልጥሻለች፣ ከሰል ግን እንዳታስገቢባት፣ ጭሱ ይገድላታል አለችኝ። ላምባ በወረፋ ነው፤ እሱም ሲገኝ።

መኮንን ሁለት ቀን አሰበ። በሦስተኛው ቀን አንድ የሸክላ ጡብ ይዞ መጣ። በቢላዋ ቦይ ቦይ አድርጎ ቆፈረው፤ ከገበያ የገዛውን ጠምዛዛ ሽቦ በቦዩ ውስጥ አጋደመው፤ አምፖሉን ፈትቶ በቦታው ስፒና የሚሰካበት አስገባ። ሽቦው ቀስ እያለ ቀላ። እጄን ወደ እሱ ዘርግቼ አለቀስኩ። ያን ቀን የማርታ ከንፈር ለመጀመሪያ ጊዜ የሰው ከንፈር መሰለ።

አዴ ጠዋት ገበያ ሲወጡ እሰካለሁ፤ ሲመለሱ እነቅላለሁ። ማታ እሳቸው ሲተኙ ደግሞ መኮንን ይሰካል። ቆጣሪው ግቢው ግድግዳ ላይ፣ በክፍላችን በር ስንጥቅ ትይዩ ነበር። መስታወቱ ውስጥ ቀይ ምልክት ያላት ክብ ብረት ትዞራለች። አምፖሉ ብቻ ሲበራ ቀይዋ ምልክት እስክትመለስ አንድ ራስ ሽንኩርት ተልጦ ያልቃል። ምድጃው ሲሰካ ግን እንደ እንዝርት ነው የምትሾረው። ልጄን አቅፌ በስንጥቁ አያታለሁ። የልጄ ሙቀት በዚያ በኩል እየሮጠ እንደሚወጣ አውቃለሁ። ሰው እንዳያየው እንጂ እንዲቆም አልፈልግም።

የመብራት ሒሳብ ሲመጣ አዴ ጮኹ። ከዚያ ተቀምጠው አሰቡና፣ የሚበላኝ ይኼ ራዲዮ ነው አሉ። ማታ ማታ የሚያዳምጧት አንዲት አሮጌ ራዲዮ ነበረቻቸው፤ ከባላቸው የቀረች። ነቅለው በጨርቅ ሸፈኗት። ቤቱ ዝም አለ። አንድ ቃል አልወጣኝም። ከሁሉም በፊት የበደልኩት እዚህ ላይ ነው፤ የዚያች ራዲዮ ዝምታ ዛሬም ይሰማኛል።

በሁለተኛው ወር ገበያ ውስጥ ወረቀት ተበተነ። ምን እንደሚል አላየሁም፤ ያየ ሰውም አላየሁም ነው የሚለው። ቀበሌው ግን ታመሰ። ወረቀት ካለ በመብራት የሚሠራ ማባዣ አለ፤ ማባዣ ካለ የሆነ ቤት ውስጥ ተደብቋል። ስለ እኛ ቆጣሪ ማን እንደነገራቸው እስከ ዛሬ አላውቅም።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ የግቢው በር በሰደፍ ተመታ። በስንጥቁ ሳይ አብዮት ጠባቂዎች ናቸው፤ ሦስት ናቸው። ገመዱን ከነመሰኪያው መነጨቅኩት። ጡቡ ግን ግሏል፤ የት ላድርገው? ከበሩ ጀርባ አባቴ የላከልኝ ሽንኩርት በጆንያ ቆሟል። ጡቡን በጨርቅ ይዤ ከሽንኩርቱ መሐል ቀበርኩት፤ ከላዩም ሽንኩርት ደለደልኩበት። ቆጣሪው ላይ ያለችው ቀይ ምልክት እንኳ ገና ሳትቆም ገቡ።

አለቃቸው ሽፈራው የሚባል ቀጭን ሰው ነው። ቤታችሁ ምን ማሽን አለ አለኝ። የለም አልኩት። ቆጣሪያችሁ ይሮጣል እኮ አለኝ። አምፖል ናት ያለችን፣ አንድ፣ ያቻትና አልኩት። አምፖሏ ግን በቦታዋ አልነበረችም፤ መስኮት ላይ ተቀምጣለች። ተቃጥላ ነው የፈታናት አልኩት። ውሸት አንዱ ሌላውን እየጎተተ ይመጣል፤ እንደ ሽንኩርት ጉንጉን ነው።

ፍራሹን ገለበጡ፣ ሣጥኑን በረበሩ፣ የመኮንንን መጽሐፍ ቅዱስ ገልጠው አራገፉ። ከሦስቱ አንዱ ሸምገል ያለ ነበር። እሱ ቆሞ አየሩን ማሽተት ጀመረ።

"ሽንኩርት ሸተተኝ። ምሳ ደርሷል እንዴ?" አለ።

"ከጎረቤት ነው።"

"እጇ ይጣፍጣል ማለት ነው" ብሎ ሳቀ።

ጀርባዬን ለጆንያው ሰጥቼ ቆሜ ነበር። ሙቀቱ በቀሚሴ አልፎ ይሰማኛል። አምላኬ ሆይ አታሳያቸው እያልኩ እጸልያለሁ። ሰው ግን የሚለምነውን አያውቅም። ያን ጆንያ ዘርግፈውት ቢሆን ኖሮ፣ አንድ ጡብ አይተው፣ ስቀው ወይም ሰድበው ይሄዱ ነበር። ይፈልጉ የነበረው ቆጣሪውን የሚያስሮጠውን ነው፤ ምላሹ ከኔ ጀርባ ሽንኩርት እየጠበሰ ነበር። እኔ ደግሞ የፈራሁት እነሱን ብቻ አልነበረም። አዴን ነው የፈራሁት። ከዚህ ቤት ከወጣን የሁለት ወር ሕፃን ይዤ የት እገባለሁ ብዬ ነው።

አዴን ከገበያ አስጠሯቸው። ደረታቸውን ይዘው፣ በቤቴ ከአምፖልና ከራዲዮ በቀር አንዳች ካለ የባሌ አጥንት እሾህ ሆኖ ይውጋኝ ብለው ማሉ። ራዲዮዋም ከተነቀለች ወሯ ነው አሉ። በሐሰት ስምል የነበርኩት እኔ ነኝ እንጂ እሳቸው አይደሉም፤ አፉ ብቻ ነው የሳቸው።

መኮንን ለምሳ መጣ። ገና በር ላይ ሳለ ሽፈራው እጁን ይዞ ጥፍሩን አየው። ሥራህ ምንድን ነው አለው። ፊደል ለቃሚ ነኝ አለ። ሦስቱም ተያዩ።

"እዚህ ቤት መብራት የሚበላ ምን አለ?"

መኮንን ወደ እኔ አየ። ከዚያ ሽንኩርቱ ሸተተውና ጆንያውን አየ። ገባው። ምድጃ ነው ቢል እኔ ውሸታም ልሆን ነው፤ አብዮት ጠባቂ ፊት ዋሽቶ የተገኘ ምን እንደሚደረግ ሁላችንም እናውቃለን። ዓይኑን ከጆንያው አነሣና፣

"እሷ ያለችው ነው" አለ።

ይዘውት ሄዱ። ኮፍያውን እንኳ አላነሣም። ከግቢው ሲወጡ ጆንያውን ዘረገፍኩት፤ መሐል ያሉት ሽንኩርቶች ከስለዋል።

አዴ አብረውኝ አለቀሱ። የምቀኛ ሥራ ነው አሉ፤ በርበሬ የምትሸጠውን የገበያ ጎረቤታቸውን ጠረጠሩ፤ ለእኔም አጥሚት ሠሩልኝ። በእያንዳንዱ ጉንጭ ልነግራቸው አስባለሁ፤ በእያንዳንዱ ጉንጭ እውጠዋለሁ። ያን ቀን ምድጃውን አልሰካሁም። ልጄን በደረቴ ላይ አድርጌ አነጋሁ። ሲነጋ ጡቴን ሰጠኋት፤ ከንፈሯ አልያዘም። እግሯ እንደ ውኃ ዳር ድንጋይ ቀዝቅዟል። ባሏን አሳልፋ የሰጠች ሴት ልጇንም ልትደግም ነው አልኩ ለራሴ። ያኔ ተነሣሁ።

አዴ ጓሮ ቆመው ለገበያ ፀጉራቸውን እየሸፈኑ ነበር። ጡቡን ይዤ ሄጄ እግራቸው ሥር አስቀመጥኩት።

"አዴ፣ ቆጣሪውን የሚያስሮጠው ይኼ ነው" አልኳቸው።

ለረጅም ጊዜ ጡቡን አዩ። በእግራቸው ጫፍ ነካ አደረጉት።

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ልጅቷ ከተወለደች።"

"ወር ሙሉ ራዲዮዬን እንደ ሬሳ ገንዤ አስቀመጥኩ" አሉ። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር። "የባሌን አጥንት ጠርቼ ማልኩልሽ። ኢንተለ ኮ፣ ልጄ፣ የእሱ አጥንት ምን አደረገሽ?"

ይመቱኛል ብዬ አንገቴን ደፋሁ። እሳቸው ግን ልጄን ከእጄ ወሰዱ፤ እግሯን ዳሰሱ፤ ፊታቸው ተለወጠ። ቀሚሳቸውን ከፍተው ጡታቸው መሐል ከተቷትና ቡልኮ ደረቡበት። "ዘንቢል አምጪ። ጡቡን ክተቺው" አሉኝ። "እዚያ ስትደርሺ የእህቴ ልጅ ነሽ። እናትሽ ማን ትባላለች ቢሉሽ?"

"እ... ደስታ?"

"ደስታ። ሞታለች በያቸው፤ የሞተ ሰው አይጠራም።"

በጋሪ ሄድን። ፈረሱ ሲያዘግም ነፍሴ ትወጣለች። የፓፓያ ሻጮች ዳስ ዳሳቸውን ይዘረጋሉ፣ ልጆች ደብተር ይዘው ይሯሯጣሉ፤ ዓለም ምንም እንዳልሆነ ሆና ውላለች። አዴ መንገዱን ሙሉ አላናገሩኝም። ከቡልኮው ውስጥ ግን ለልጄ በኦሮምኛ የሆነ ነገር ያንጎራጉሩላት ነበር።

የቀበሌው ጽሕፈት ቤት ውስጥ ሊቀመንበሩ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ተቀምጧል። ከበላዩ ማራገቢያ ይዞራል፤ ጥግ ላይ ራዲዮ ሰልፍ የሚመስል መዝሙር ያሰማል። ሽፈራው መስኮቱ ላይ ቆሟል። ከኋላ ካለው ክፍል የሰው ሳል ተሰማኝ። የመኮንን ሳል ነው። ጡቡን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ሽቦው ላይ የተቃጠለ የሽንኩርት ልጣጭ ተጣብቋል።

"ምንድን ነው ይኼ?" አለ ሊቀመንበሩ።

"ማሽኑ ነው" አልኩት።

ሽፈራው ትናንት የለም ብላኛለች አለ። ሊቀመንበሩ ለምን የለም እንዳልኩ ጠየቀኝ። በጋሪው ላይ ብዙ ነገር አሰላስዬ ነበር፤ አንዱም አልመጣልኝም።

"አክስቴን ፈርቼ" አልኩ።

"ልክ ናት" አሉ አዴ። "ባውቅ አባርራት ነበር።"

"የእህትዎን ልጅ?"

"የእህቴን ልጅ። ዘመድ ቢበላ ይጠግባል፤ ይኼ አይጠግብም።"

ሊቀመንበሩ አላመነም። ጡብ መብራት ሲበላ አላየሁም፣ ሰካው አለው ሽፈራውን። ሽፈራው ሰካው። ሁላችንም ጎንበስ ብለን ሽቦውን እናያለን። ቀስ ብሎ ጠቆረ፣ ከዚያ ቀላ፣ ከዚያ ደመቀ። ያኔ ከግድግዳው አንድ ነገር ጧ አለ። መዝሙሩ ከመሐሉ ተቆረጠ። ማራገቢያው እየዘገመ ቆመ። ሽፈራው እጁን ወደ ጠመንጃው ሰደደ። የመንግሥት መዝሙር ነው ያቋረጥኩት።

ሊቀመንበሩ መነጽሩን ከግንባሩ አወረደ። ማራገቢያውን አየ፣ ራዲዮውን አየ፣ ጡቡን አየ።

"ቀበሌውንም በላው" አለ።

"እኔንም ሁለት ወር እንዲሁ ነው የበላኝ" አሉ አዴ።

ሊቀመንበሩ መጀመሪያ በአፍንጫው ተነፈሰ፤ ከዚያ ትከሻው ተንቀጠቀጠ። ሲስቅ ነው። ሽፈራው ግን አልሳቀም። ሊቀመንበሩ ልጅቷን አሳዩኝ አለ። አዴ ቡልኮውን ገለጡለት። ለማየት ቀረብ አለና ቶሎ ራቀ፤ ዓይኑን ወደ ወረቀቱ መለሰ። "ሰውየውን አምጡት" አለ።

መኮንን ጫማውን በእጁ ይዞ፣ ባዶ እግሩን ወጣ። አንድ ዓይኑ አብጦ ተዘግቷል። እኔን አላየኝም፤ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ጡብ ነው ያየው። ሊቀመንበሩ የሕዝብ መብራት አባክናችኋል አለ። ጡቡ እዚሁ ይቀራል፤ እናንተም በሦስት ቀን ውስጥ ወደ አገራችሁ ትሄዳላችሁ ብሎ የይለፍ ወረቀት ጻፈልን። ዘመድ አለመሆናችንን ሳያውቀው አልቀረም። አዴን ግን ምንም አላላቸውም።

በማግስቱ ሽንኩርት አራግፎ በሚመለስ አይሱዙ ላይ ተሳፈርን። አዴ ቡልኳቸውን ሰጡኝ። በር ላይ ቆመው፣ "የእህቴ ልጅ፣ ደኅና ሁኚ" አሉኝ፤ ሰሚ በሌለበት። ሞጆ ኬላ ላይ አንድ ወታደር ወረቀታችንን እያገላበጠ የመኮንንን ጥፍር ትኩር ብሎ አየው። ከዚያ በእጁ እለፉ አለን። ቆቃ ላይ የተጠበሰ ዓሣ ወደ መኪናው ይዘረጋሉ፤ ሐይቁ ዳር ያለው ንፋስ ለስለስ ብሏል። ማርታን ከቀሚሴ ውስጥ፣ ከቆዳዬ ጋር አድርጌያት ነበር። ትጠባለች። መኮንን ባዶ ጆንያዎች ላይ ተቀምጦ መንገዱን ሲያይ ቆየና፣ ሳይዞር፣

"ለምን ቆየሽ?" አለኝ።

ይኼን ብቻ ነው ያለኝ። በዚያ አንድ ቀንና ሌሊት ምን እንዳደረጉት አልነገረኝም፤ ሁለተኛም አልጠየቀኝም። እኔም አልመለስኩለትም።

ዓለም ጤና ስንደርስ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። እናቴ ልጄን ከደረቴ አወጣቻትና ፊቷን በፊቷ አስነካች። አባቴ የመኮንንን ዓይን አይቶ ምንም ሳይጠይቅ፣ ግቡ አለን። ገባን። በሩ ተዘጋ። ማንም አልተከተለንም። ሦስታችንም በሕይወት ነበርን።

ማርታ ዛሬ ሐዋሳ የልጆች እናት ናት። መኮንን መንግሥት እስኪለወጥ ከአባቴ ጋር ሽንኩርት አለማ፤ ከዚያ ተመልሰን አዳማ ገባን፤ ሦስት ልጆች ጨመርን። ካረፈ ስምንት ዓመቱ ነው። መልካም ባል ነበር፤ ያን ጥያቄ ግን ሳልመልስለት ሄደ።

ይኼን ሁሉ ለናትናኤል ስነግረው ማሽኑን አጥፍቶ ነበር የሰማኝ። ስጨርስ እማዬ፣ ከፈለግሽ ልሽጠው አለኝ። ተው አልኩት። ሥራው ነው። እሱ እንደሚለው ከርሞ ደግሞ ከዚህ የባሰ የሚበላ፣ ከዚህ የባሰ ውድ ይወጣል። ያ ያሳስበኛል፤ የልጄ ላብ ወዴት ወዴት እንደሚሄድ እያየሁ ዝም ማለት አልችልም። ግን የሚበላ ነገር አይደለም ሰውን የሚያጠፋው። እኛን ሊያጠፋን የነበረው ጡቡ አልነበረም፤ የኔ የለም ማለት ነው።

ለምን ቆየሽ ላለኝ መልሱ አጭር ነው፤ ፈርቼ ነው። ቤት አጣለሁ ብዬ ፈራሁ፤ ባሌን ላጣ ነበር። አሁን በቤቴ ተቀምጫለሁ። ቀን ነው፤ በሩ ክፍት ነው። ሰው መጥቶ ምን አላችሁ ቢለኝ ያለኝን እናገራለሁ። ደኅና ነኝ። ልጆቼም ደኅና ናቸው።